የኪስ ታሪክ በተቆለፈ በር ፊት

[ልብስ ሰፊዋና ባሏ የተቆለፈው የስፌት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ቆመዋል። ሙሽራው ኮቱን ሊወስድ መጥቶ መኪናው ውስጥ ሰዓቱን ያያል።]

ሰፊዋ፦ ቁልፉን አውጣዋ! ሰውዬው እኮ የሚያገባው ዛሬ ነው!

ባል፦ ማታ የሱሪዬ ኪስ ከትቼው ነበር። አሁን እጄ አልገባ አለ።

ሰፊዋ፦ ደግሞ ኪስ አጠቃቀም ላስተምርህ?

ባል፦ እግሬንም አንድ ነገር...

ሰፊዋ፦ አታቋርጠኛ! ድሮ ኪስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሰው ከረጢቱን በገመድ ወገቡ ላይ ያንጠለጥል ነበር።

ባል፦ በውጭ?

ሰፊዋ፦ በውጭ! ሌባ ገመዱን በቢላዋ በጠስ አድርጎ እብስ! ሰዎች ሲማረሩ ከረጢቱን ሱሪ ውስጥ ሰፉት። ኪስ የመጣው እንዲህ ነው።

ባል፦ ማን ነገረሽ?

ሰፊዋ፦ ትምህርቴን ባቋርጥ ጆሮዬን አላቋረጥኩም። ደንበኛ ሲለካ የማያወራው አለ?

ባል፦ እንግዲያው የኔን ኪስ ሌባ አይደፍረውም። ባለቤቱም እጁን ማስገባት አቃተው።

ሰፊዋ፦ ጠዋት ቀዳዳውን ጠቅሜልህ የለ!

ባል፦ ጠቅመሽልኛል። አፉን።

[ሰፊዋ መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አየች። የኪሱ አፍ ጥርቅም ብሎ ተሰፍቷል። መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች።]

ሰፊዋ፦ ሳበውና ቅደደዋ!

ባል፦ እምቢ አለ።

ሰፊዋ፦ [ሳታስበው ኮራ ብላ] የኔ ስፌት መች ይቀደድና! መቀስ አምጣ!

ባል፦ ውስጥ ነው።

ሰፊዋ፦ ምላጭስ?

ባል፦ ውስጥ። ያ ባለ ቢላዋው ሌባሽ አሁን ብቅ ቢል ምናለበት!

[ሰፊዋ ተንበርክካ ክሩን በጥርሷ ያዘች። ሙሽራው ከመኪናው ወርዶ አፉን ከፍቶ ያያል።]

ሰፊዋ፦ [እንደነከሰች] ዕድሜ ልኬን ሰፍቼ ሰፍቼ፣ መጨረሻዬ ባሌን መንገድ ላይ መንከስ ሆነ!

ባል፦ አሁንስ ልናገር?

ሰፊዋ፦ ተናገር። አፍህን አልሰፋሁት።

ባል፦ ከቤት ከወጣን ጀምሮ እግሬን የሚወጋኝ ነገር አለ።

[ጫማውን አውልቆ አራገፈ። ቁልፉ ቅጭል ብሎ ወደቀ።]

ሰፊዋ፦ በየት ወረደ?

ባል፦ በቀዳዳው ነዋ! እሱን መቼ ሰፋሽው?

[ሰፊዋ ቁልፉን አንስታ በሩን ከፈተች። ኮቱን ይዛ ስትወጣ የኪሱን አፍ ዳሰስ አደረገች፤ ጣቷ አልገባ አለ።]

ሰፊዋ፦ [ለሙሽራው] እንኳን ደስ አለዎት ጌታዬ። ቀለበቱን ግን... ለጊዜው በእጅዎ ይያዙት።