የሚፋቅና የማይፋቅ ሲዲ

ዘንድሮ ሁሉን ነገር ስልካችሁ ውስጥ የምትከቱ አታውቁትም እንጂ፣ ሲዲም (ዲቪዲውንም ሲዲ ነበር የምንለው) እንደ ሰው ዘር የሚቆጥርበት ዘመን ነበር። የመደመር ምልክት ያለበት አለ፣ የመቀነስ ምልክት ያለበት አለ፤ አንዴ ተጽፎ የሚቀር አለ፣ እየተፋቀ የሚጻፍ አለ። መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል። የመቀነሱን የለመደ ማጫወቻ ዴክ የመደመሩን ቢያጎርሱት መልሶ ይተፋዋል። ያኔ መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የእያንዳንዱን ጠባይ ለይቶ የሚያውቅ ማን ነበር ብትሉኝ፣ እኔ። ትሕትና ደግ ነው፤ ግን የፎቶና የቪዲዮ ቤቱ የኔ ነበር፣ ምን ላድርግ?

አንድ ቀን ጋሽ ደምሴ ቀየት ከሚባለው አገር መጡ። አገር ያስታረቁ ሽማግሌ ናቸው። ወንዳፍራሽና ሸዋንግዛው የሚባሉ ወንድማማቾች በእርሻ ድንበር ተጣልተው ሦስት ዓመት ተኳርፈዋል፤ እናታቸው ደግሞ «ሁለቱን ባንድ ገበታ ሳታሳየኝ አትውሰደኝ» እያሉ ይማጠናሉ። ዕርቁ ቅዳሜ ነው። ኋላ «አላልኩም» የሚል እንዳይኖር ይቀረጽልኝ አሉ ጋሽ ደምሴ። እኔም ሁለት ሲዲ ፊታቸው ዘርግቼ ማስተማር ጀመርኩ።

«ይኼኛው ይሻልዎታል። ሺህ ጊዜ እየፋቁ ይጽፉበታል።»

«ይፋቃል?»

«እንዴታ!»

«እንግዲያው ወዲያ በለው! የሽማግሌ ቃል አይፋቅም። የማይፋቀውን አምጣ፤ አንዲት ቃልም እንዳታጎድል።»

ቅዳሜ ሄጄ ቀረጽኩ። በዕርቅ ደንብ ሁለቱም አስቀድመው የሆዳቸውን ያፈሳሉ፤ ከታረቁ በኋላ ግን እዚያ የተባለውን ያነሳ ሰው ይቀጣል። ታላቁ ወንዳፍራሽ ሆዱን ሲያፈስ ንዴት ቀደመውና ታናሹን «ድሮም የአባቴ ልጅ አይደለህም!» አለው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ኋላ ተጸጽቶ ድንጋይ ተሸክሞ ታናሹ እግር ላይ ወደቀ፤ ተሳሳሙ፣ ተመረቁ። እኔም እንደታዘዝኩት አንዲት ቃል ሳላጎድል ከካሜራው ካሴት ወደማይፋቀው ሲዲ ገለበጥኩና ለቤተሰቡ ሰጠሁ።

ሐሙስ ዕለት ሸዋንግዛው ጋሽ ደምሴን አስከትሎ ከች አለ። እናቱ ዕርቁን ለማየት ለእሑድ ጎረቤት ጠርተዋል። እሱ አስቀድሞ ሊሞክረው ዴክ ውስጥ ቢከተው ያቺ ቃል ቁልጭ ብላ ወጣች። ልጁ ቢሰደብባትም የምታርፈው እናቲቱ ላይ ነው። እኒያ ሴትዮ በጎረቤት ፊት ከሰሟት ደግሞ ዕርቅም ገበታም አይኖርም።

«ፋቀው» አሉኝ ጋሽ ደምሴ።

«አይፋቅም። እርስዎ ነዎት ያዘዙኝ።»

ይህን ስል አፈርኩ። ያንን ሁሉ ትምህርት ስሰጥ፣ የማይፋቅ ነገር ላይ ምን እንደሚጻፍ ማሰብ የኔ ፋንታ ነበር። እሳቸው ሲዲውን ትንሽ አገላብጠው አዩት።

«ይሰበራል?»

«መሰበሩስ ይሰበራል…»

ሳልጨርስ ጉልበታቸው ላይ ቀጭ አደረጉት። እኔም ያቺን ቃል ቆርጬ ሌላ ሲዲ ገለበጥኩ፤ የካሜራውን ካሴትም እዚያው ፊታቸው አጠፋሁት። ጋሽ ደምሴ ተነፈሱ፤ ጉራዬም ተመለሰ።

«በቃ፣ አሁን የትም የለም» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

ሸዋንግዛው አዲሱን ሲዲ ጋቢው ውስጥ ሸጎጠ።

«እኔ ሆድ ውስጥ አለ እንጂ» አለ በዝግታ። «ግን ማን ያጫውተዋል? በሉ ደህና ዋሉ፤ የወንድሜን ገብስ ሳላጭድለት ሊመሽብኝ ነው።»