የሚሞቀው ግድግዳ

ተረት ላወራ ነው፤ የፈለገ ይስማኝ፣ ያልፈለገ ይተኛ። ከብዙ ዘመን በፊት በአንድ ጫካ የሚኖሩ አራዊት አዋጥተው ባለ አራት ፎቅ የገበያ ህንፃ ሠሩ። ደረጃው እብነ በረድ፣ መስኮቱ መስታወት! መብራቱ ግን በቀን አሥር ጊዜ እልም ይላል።

ምድር ቤት ጅግራ ሱቅ ነበራት። ሁለት ዓመት ሙሉ እንቁላሏን እባብ ስለጨረሰባት፣ ያላትን ሁሉ አሟጥጣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ የጫጩት ማስፈልፈያ ማሽን ገዛች። ውስጡ አሥራ ሁለት እንቁላሎች አሉ። ከማሽኑ ጀርባ ያለው ግድግዳ ሁልጊዜ ይሞቃል። «እሰይ፣ ለልጆቼ ሙቀት ተጨመረላቸው» እያለች ፈጣሪዋን ታመሰግን ነበር።

የምርቃቱ ቀን ሲቃረብ የህንፃው ኮሚቴ ኤሌክትሪሻን ሊቀጥር ተሰበሰበ። ሰብሳቢው ከርከሮ ነው፤ ጅግራም አባል ነች።

መጀመሪያ ፍልፈል ገባ። አፈር በአፈር ሆኗል፣ ጢሙም ተለብልቧል። ወንበር ሲሰጡት ትቶ ግድግዳውን ይዳብስ ጀመር።

«ዋናው ሽቦ ቀጭን ነው» አለ። «በምርቃቱ ቀን የሚከፈተው የዳቦ ቤት የኤሌክትሪክ ምድጃ ሲጨመርበት አይችልም፤ ይቃጠላል። ሦስት ቀን መብራት ይጥፋና ልቀይረው። ወይዘሮ ጅግራ፣ የእርስዎ ግድግዳ የሚሞቀው በደህና አይደለም። እስከዚያ እንቁላሎቹን አውጥተው ይቀመጡባቸው።»

ጅግራ አፈረች። ማሽን የገዛች ወይዘሮ እንደ ገጠር ዘመዶቿ እንቁላል ላይ ልትቀመጥ? ያውም በምርቃት ሳምንት?

«ጢምህን ምን ነካው?» አለ ከርከሮ።

«ልጅ ሳለሁ መስመር ሳልዘጋ ነክቼ ተቃጠልኩ። ከዚያ ወዲህ ሳልፈትሽ አልነካም።»

ኮሚቴው እርስ በርሱ ተያየ። የተቃጠለ ባለሙያ እንዴት ይቀጠራል?

ቀጥሎ ጉሬዛ መጣ። ነጭ ካባው እድፍ የለበትም። የምስክር ወረቀቱ ላይ ሰሃን የሚያክል ማኅተም አለ። ማኅተሙን ሁሉም ተቀባብሎ አደነቀ፤ ጽሑፉን ያነበበ አልነበረም። ቢያነቡት ለሠርግ ድንኳን ማስጌጥ የተሰጠ ነው።

«እኔ መብራት ሳላጠፋ እሠራለሁ» አለ ጉሬዛ። «ሊመርቁልን የሚመጡትን ጌታችን አንበሳን ብልጭ ድርግም በሚል አምፖል ነው የምንቀበላቸው።»

ወዲያው እጅና ክንፍ ተነሳ። ጅግራ ብቻ ቀረች። የፍልፈል ነገር ሆዷን በልቷታል።

«ወይዘሮ ጅግራ፣ ከፍ ያድርጉ እንጂ! በሙሉ ድምፅ ይሁንልን» አለ ከርከሮ።

አነሳች።

በምርቃቱ ቀን አንበሳ ሪባን ቆረጠ፤ አምፖሉ ሁሉ በራ፤ የዳቦ ቤቱ ምድጃም ተከፈተ። ሽቦው ከአቅሙ በላይ ሲጫንበት መብራት የሚቆርጠው የቆጣሪው ማብሪያ ግን አልቆም እያለ ይወርዳል። ጉሬዛ በሽቦ ጠፍሮ ወደ ላይ አሰረው። ተጨበጨበለት።

ጅግራ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተታት። ሮጣ ስትደርስ ግድግዳው ይነድዳል። «ልጆቼን!» ብላ ዘላ ገባች። ክንፏ እየነደደ ጎትተው አወጧት፤ ከአሥራ ሁለቱ አንዱን እንኳ አላተረፈችም።

ህንፃው አመድ ስለሆነ በማግስቱ ኮሚቴው ዛፍ ሥር ተሰበሰበ።

«ህንፃው ይቃጠላል ብሎ አስቀድሞ የተናገረ ማን ነው?» አለ ከርከሮ።

«ፍልፈል!»

«ታዲያ እሱ ካላቃጠለው በምን አወቀ?»

እውነት ነው ተባለ። ጉሬዛም ካባውን እያራገፈ «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለ። ፍልፈል ከጫካው ይባረር በሚለው ላይ እጅና ክንፍ ተነሳ። አሁንም ጅግራ ብቻ ቀረች።

«ወይዘሮ ጅግራ፣ ከፍ ያድርጉ እንጂ! በሙሉ ድምፅ ይሁንልን።»

ጅግራ የከሰለ ክንፏን አየችው።

«ባለፈው አነሳሁላችሁ፤ አሥራ ሁለት ልጆቼን አስበላኝ» አለች። «ለዛሬው የምከፍለው ልጅ የለኝም።»