የአማቴ ጉልበትና አሲዱ

በእኛ አገር ሰው የሚፈራው በሽታውን አይደለም፤ የመድኃኒቱን ስም ነው! “ደም ግፊት አለብህ” ስትሉት፣ “ማን የሌለበት አለ?” ብሎ ይስቃል። የመድኃኒቱን ስም አንብባችሁ ስትነግሩት ግን ጫማውን መፈለግ ይጀምራል። ካላመናችሁኝ አማቴን ላስተዋውቃችሁ።

አማቴ እማማ ዘነበች ዕድሜያቸውን አቃቂ፣ ክር ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ስር ቆመው የጨረሱ ሴት ናቸው። እሳቸው ጡረታ ሲወጡ ጉልበታቸውም አብሮ ወጣ። ሲነሱ ቋ! ሲቀመጡ ቋ! ባለቤቴ ሰናይት ደግሞ የመጀመሪያ ልጃችንን ልትወልድ ደርሳለች። የምንኖረው ቂሊንጦ፣ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት? ሳቁ እንጂ!

ችግሩ ገባችሁ? አማቴ ደረጃውን መውጣት ካቃታቸው አራሷን የማርሳት እኔ ነኝ። እኔ ደግሞ እንኳን አራስ፣ መሬትም አርሼ አላውቅም! ለልምምድ ብዬ አንድ ቀን ገንፎ ባገነፋ ሰናይት በማንኪያ ጫፍ ነካ ነካ አድርጋ፣ “ግድግዳ ልትለስንበት ነው?” አለችኝ።

ስለዚህ አማቴን ይዤ ቃሊቲ ወዳለ አንድ የአጥንት ሐኪም ቤት ከነፍኩ። ዶክተሯ ራጁን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየችና፣

“እማማ፣ ጉልበትዎ መገጣጠሚያ ውስጥ አጥንት ከአጥንት እንዳይፋተግ የሚያደርግ ዝልግልግ ፈሳሽ አለ። እንደ ግራሶ ነው። ዕድሜ ሲገፋ ይቀጥናል። እሱን የሚያግዝ መርፌ እንወጋዎታለን። ተአምር ነው አልልዎትም፤ አንዳንዱን ያሽለዋል፣ አንዳንዱን እምብዛም…”

“ተባረኪ ልጄ! ለመሆኑ ስሙ ማን ይባላል?”

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም! ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን አንስቼ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

“ሃያሉሮኒክ አሲድ!”

አማቴ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

“ምን አልክ? አሲድ?”

“አዎ እማማ፣ ግን…”

“ያ ጎረቤቴ ከማል ባትሪ ውስጥ የሚጨምረው አሲድ?!”

ወገኖቼ፣ ያ ቋ ቋ የሚል ጉልበት ድምፁን አጥፍቶ ሲሮጥ ባያችሁ! ታክሲ ውስጥ ገብተው ያገኘኋቸው እያለከለክሁ ነው።

በማግስቱ ላግባባቸው አቃቂ በሰቃ፣ ቤታቸው ስሄድ ጋሽ ከማል ቀድመውኛል። ጋሽ ከማል ጎረቤታቸው ናቸው፤ የመኪና ባትሪ ቻርጅ ያደርጋሉ። ገና ከበሩ ስገባ ወንፊት የመሰለ ሱሪያቸውን ሳብ አድርገው አሳዩኝ።

“እየው! ጠብታ ናት ይህን ያደረገችው። እንኳን ጉልበት፣ ብረት ይበላል!”

“ጋሽ ከማል፣ አሲድ ሁሉ አንድ አይደለም። ሎሚም እኮ አሲድ አለው።”

“ታዲያ ሎሚ ጉልበት ውስጥ ሲጨመቅ የት አየህ?”

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ “ልጄን ወሰደ፣ ዝም አልኩ። አሁን ደግሞ ጉልበቴን ሊያቀልጥ!” አሉ።

ተስፋ ስቆርጥ ለዶክተሯ ደወልኩና ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አደረግሁት።

“እማማ፣ ይሄ ነገር እኮ አሁንም ሰውነትዎ ውስጥ አለ” አለች ዶክተሯ። “ቆዳዎ ውስጥ ውሃ ይዞ የሚያለሰልሰው እሱ ነው። ዓይንዎ ውስጥም አለ፤ ቁስል ሲሽርም ያግዛል። ዓይናቸው ለሚደርቅባቸው ሰዎች ጠብታ ይሠራበታል። ፊታቸው እንዲሞላ የሚፈልጉ ሴቶችም ይወጉታል።”

አማቴ ሳያስቡት ጉንጫቸውን ዳሰስ አደረጉ። “ለፊትም ይሆናል? ለመሆኑ ከምን ነው የሚሠራው?”

“ድሮ እንኳ ከአውራ ዶሮ ነበር፤ አናቱ ላይ ካለችው ቀይ ሥጋ…”

“ዶሮ?! በሁዳዴ?!”

“ቢስሚላህ ተብሎ የታረደ ነው?” አሉ ጋሽ ከማል።

አያችሁ? በአንድ ዶሮ ሁለት ሃይማኖት አስቀየምን! ዶክተሯ ከወዲያ ማዶ ጮኸች።

“ቆይ፣ ቆይ! አሁን አብዛኛው ከዶሮ አይደለም! ይሄ የእናንተማ በዓይን በማይታዩ ተሕዋስያን፣ በትልልቅ ጋን ውስጥ እየተብላላ ነው የሚሠራው!”

“በጋን?” አሉ አማቴ።

“አዎ።”

“እየተብላላ?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ታዲያ ጠላ ነው በይኛ! ጠላ መቼ ጾም ያስገድፋል? ልጄ፣ ነገ እመጣለሁ፣ ውጊኝ!”

“ለእኔ ግን ጠላ…” ብለው ጋሽ ከማል ሊያንገራግሩ ሲሉ፣

“አንተን ማን ሊወጋህ!” አሏቸው አማቴ።

ተወጉ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት እንደ ቀድሞው እያቃሰቱ ከረሙ፤ እኔም ገንፎ ማጥናቴን ቀጠልኩ። ከዚያ ቀስ በቀስ ሕመሙ ለቀቅ አደረጋቸው፤ አማቴ ከዕድለኞቹ ወገን ሆኑ! ሰናይት ሴት ልጅ ተገላገለች። አማቴም የደረጃውን ብረት ይዘው፣ በየፎቁ “ተመስገን” እያሉ አራተኛ ፎቅ ደረሱ። እኔ የገንፎውን እህልና የቅቤውን ቅል ተሸክሜ፣ ከኋላቸው በደስታ እንባ እየታጠብኩ ተከተልኩ። ዳንኩ! አልኩ በሆዴ።

አዬ ሞኝነቴ! ያልጠረጠረ ተመነጠረ። የዳነ ጉልበት ቤት ይቀመጣል ያላችሁ ማነው? አማቴ ያን ሁሉ ዓመት ያልወጡትን ደረጃ ሁሉ በአንድ ሳምንት ሊወጡት ተነሱ። ጠዋት ሦስተኛ ፎቅ ቡና፣ ከሰዓት አንደኛ ፎቅ ቡና… ከእኔ ይልቅ እሳቸው ሕንፃውን ያውቁታል። እኔ ዓመት ሙሉ ሰላምታ እንኳ ያልተለዋወጥኳቸው ጎረቤቶች አሁን “የእማማ ዘነበች አማች” ይሉኛል።

ትናንት ሕፃኗ ስታለቅስ፣ ሰናይት ስትራብ፣ ውሃው ድስት ላይ ሲንተከተክ ስልኬን በትከሻዬ ይዤ ደወልኩላቸው።

“እማማ፣ የት ነዎት?”

“እዚሁ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ ልጄ። ሴትዮዋ ጉልበቷን አሟት አሲድ ልትወጋ ፈርታ፣ ‘አይዞሽ፣ የጾም ነው’ እያልኳት ነው። አንተ ዱቄቱን ጨምርና አማስል… በርትተህ! እንዳይጓጉልብህ!”