የጎደለችው «ን»

እኛ ሰዎች ዘፈን ዝም ብለን መስማት አንችልም። እውነቴን ነው! ዘፋኙ «ዝናቡ መጣ» ካለ፣ ዝናቡ መጣ ማለቱ ነው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው አታገኙም። አንዱ ዝናቡ እንባ ነው ይላል፤ ሌላው የለም፣ መንግሥትን መንካቱ ነው ይላል፤ ሦስተኛው ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ዝናቡ የጎረቤቱ ሚስት መሆኗን ከታማኝ ሰው ሰምቻለሁ ይላል። ምስኪኑ ዘፋኝ ግን ግጥሙን የጻፈ ቀን ጃንጥላውን ረስቶ ወጥቶ ይሆናል።

ይህን ስል እኔ ከደሙ ንጹሕ ነኝ ማለቴ አይደለም። ባቡሩ አቃቂን እያፏጨ በሚያቋርጥበት ዘመን፣ እዚያው አቃቂ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ። «እዚህ መሽናት ክልክል ነው» የሚል ግድግዳ ሳይቀር ሰምና ወርቁን ሳልለይ አላልፍም ነበር። ሰፈሩም ይህን አመሌን ስለሚያውቅ፣ አዲስ ዘፈን በወጣ ቁጥር በሬ ይንኳኳል። ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን እደብቃችኋለሁ።

ታምራት የድሮ ተማሪዬ ነው። የጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኛ፣ ድምፀ መልካም፣ ትንሽ ችኩል። በፋብሪካው የሠራተኞች በዓል ላይ መድረክ ወጣና ለዘነበች፣ ለሚወዳት ልጅ፣ ራሱ የገጠመውን ዘፈን ለቀቀው፦

ባቡር ነኝ በፍቅርሽ ፍሬን የበጠሰ፣
ገላን ያየው ዓይኔ መቼ ተመለሰ።

አዳራሹ በጭብጨባ ሊፈርስ! በሳምንቱ አቃቂ ከጣቢያው እስከ ገበያው ድረስ «ፍሬን የበጠሰ» ሆነ። ታምራት በዚህ ሞቅታ ላይ ሳለ ወደ ዘነበች ቤት ሁለት ሽማግሌ ላከ። አባቷ ጋሽ ጥላዬ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣ ሽማግሌዎቹን ንግግራቸውን እንኳ አላስጨረሷቸውም። «ዘፈኑን ሰምቻለሁ። ልጄን አልሰጥም። ቅዳሜ በባቡር ድሬዳዋ፣ አጎቷ ዘንድ ትሄዳለች» ብለው አሰናበቷቸው።

የሰፈሩ ተርጓሚ ሁሉ ምክንያቱን ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። «ገላን» ናታ! እንደምታውቁት ገላን ከአቃቂ አለፍ ብሎ ያለ አገር ነው። ነገር ግን አገሩን አየሁ ለማለት «ገላንን አየሁ» ነው የሚባለው። ታምራት አንዷን «ን» ዋጣትና፣ ዓይኑ ያየው አገር መሆኑ ቀርቶ የሰው ገላ ሆኖ አረፈው። ያውም የጋሽ ጥላዬ ልጅ ገላ!

ረቡዕ ከሥራ መልስ ታምራት እየሮጠ መጣ።

«ጋሼ፣ በእናትዎ ያስረዱልኝ! አገሩን ነው ያልኩት። አክስቷ ገላን አይደሉም እንዴ የሚኖሩት? መጀመሪያ ያየኋትም እሳቸው ቤት ነው። ሁለቱ «ን» ዜማው ውስጥ አልገባ ቢለኝ ነው!»

«ለዜማ ብለህ ሚስት ልታጣ?» አልኩት። ልቀልድ ነበር፤ ዓይኑ እንባ ሲሞላ ግን አፈርኩ። ልጁ ዘነበችን ከልቡ ይወዳታል፤ እስከ ቅዳሜ የቀሩት ደግሞ ሁለት ቀናት ብቻ ናቸው።

ሐሙስ በጠዋት ከሁለቱ ሽማግሌዎች ጋር ሄድኩ። ጋሽ ጥላዬ ቁጭ ብለዋል፤ ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ከጎናቸው። እኛ እንደ ወጉ ቆመናል። ሽማግሌዎቹ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ እኔ ቀደምኩ። ስለ ተሳቢ አስረዳሁ፣ ስለ ዜማ ልክ አስረዳሁ፣ ስለ ተዋጠችው «ን» አስረዳሁ። «ስለዚህ ጋሽ ጥላዬ፣ ልጁ ያየው አገሩን እንጂ የዘነበችን ገላ አይደለም!» ብዬ ደመደምኩ።

ጋሽ ጥላዬ ትክ ብለው አዩኝ።

«የምን ገላ?»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ በክርኑ ጎሰመኝ። እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ፤ ትከሻቸው ግን ይንቀጠቀጣል።

«እኔ» አሉ ጋሽ ጥላዬ ቀስ ብለው፣ «የተቀየምኩት በፍሬኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ከኋለኛው ፉርጎ ላይ ፍሬን ስይዝ የኖርኩ ሰው ነኝ። ፍሬን የበጠሰ ባቡር ምን እንደሚያደርግ ታውቃለህ፣ መምህር? እናንተ ታጨበጭባላችሁ፤ እኔ ዘፈኑን በሰማሁ ቁጥር እጄ ፍሬን ይፈልጋል። ፍሬን የበጠሰ ነገር ላይ ልጄን አላሳፍርም! አሁን ደግሞ ገላም አለበት በለኛ!»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። አንድ ቅያሜ ላበርድ ሄጄ ሁለት አደረግሁት። ሽማግሌዎቹም ካሁን ካሁን እንውጣ እያሉ በሩን ያያሉ።

ያዳነን ከጓዳ የመጣ ድምፅ ነው። «አባባ» አለች ዘነበች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «እንግዲያው ያስተካክለዋ!»

«እሱ ስለ ባቡር ምን ያውቅና?» ብለው ጮኹ አባቷ። ከዚያ ጣታቸው ጉልበታቸውን ይመታ ጀመር፤ ቧ፣ ቧ፣ እንደ ፉርጎ ጎማ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየን። በመጨረሻ፣ በዚያ ሻካራ ድምፃቸው፦

ባቡር ነኝ በፍቅርሽ ፍሬኑ የጠበቀ፣
ከደጅሽ ሲደርስ መንገዱ ያለቀ።

«እንዲህ ይበል። ገላንም ወጥቷል» አሉ።

አመል አይለቅምና አላስችል አለኝ። «ጋሽ ጥላዬ፣ የጠበቀ ሲሉ ከመጥበቅ ነው ወይስ ከመጠበቅ?»

«ፍሬን ነው ያልኩህ፣ ሰውዬ!»

«እስቲ ዝም በል፣ ጥላዬ» አሉ እትዬ አስካለ። አሁን እየሳቁ አልነበረም። «ፍሬኑማ እኔ ነኝ። ባቡሩ ባፏጨ ቁጥር በር ላይ ቆሜ ሠላሳ ዓመት የጠበቅኩት።»

ጋሽ ጥላዬ አንዴ እሳቸውን፣ አንዴ መሬቱን አዩ። ወደ እኛ ዞረው «በሉ ልጁን ጥሩት፤ አጥር ሥር ቆሞ ሲያዳምጥ አይቼዋለሁ» አሉ።

ቅዳሜ ባቡሩ እንደ ልማዱ አፏጭቶ ወደ ድሬዳዋ ወረደ። ዘነበች አልተሳፈረችም።

በሠርጉ ዕለት ታምራት የታረመውን ዘፈን ሲዘፍን፣ ድግስተኛው እየተጋፋ ወደ እኔ መጣ። «መምህር፣ እስቲ ይፍቱት፤ የጠበቀ ማለቱ ምን ማለቱ ነው?»

ቀና ስል ጋሽ ጥላዬ ድንኳኑ ጥግ ቆመዋል፤ እትዬ አስካለ ክንዳቸውን ይዘዋል።

«ፍሬን ነው» አልኳቸው።