ዶክተሩ በአሥራ ሰባተኛው ደቂቃ ይወድቃሉ

የሰው ልጅ ከዋሻ ወጥቶ ቅጽ መሙላት ከጀመረበት ዘመን ወዲህ ከታዩት ታላላቅ ግኝቶች አንዱ፣ ባዮሎጂን የሚያውቅና ተማሪዎቹን የሚወድ ሰው ባዮሎጂ ማስተማር እንደማይችል መረጋገጡ ነው። ይህን ያረጋገጠው የመምህራን የድኅረ ምረቃ ማሠልጠኛ ተቋም ነው። ለማረጋገጥ የፈጀበት ጊዜ አንድ ስብሰባ፣ እሱም ከሻይ ዕረፍቱ በፊት የነበረው ክፍል ብቻ መሆኑ የተቋሙን ብቃት ይመሰክራል። ከዚያን ቀን ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን ይዞ ልጆች ፊት የሚቆም ሁሉ፣ የአሥራ ስምንት ወር ሥልጠና ወስዶ እስኪድን ድረስ እንደ ሕመምተኛ እንዲቆጠር ተወሰነ።

ከሕመምተኞቹ አንዷ ጊዜያዊዋ ነበረች። በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በጊዜያዊነት ባዮሎጂ ስላስተማረች፣ ከርዕሰ መምህሩ እስከ ዘበኛው ድረስ የሚጠሯት በዚሁ ነው። በነዚያ ዓመታት ሁለት ርዕሳነ መምህራን ተቀይረዋል፤ ጣሪያው አንዴ ታድሷል፤ ቋሚ የተባሉት መምህራን ግማሾቹ ሄደዋል። ጊዜያዊዋ ግን አለች። ሕመሟም ከሩቅ ይታወቅ ነበር፦ ተማሪ ሲጠይቃት ትመልሳለች። ካላወቀችው «አላውቀውም፣ አይቼ ነገ እነግርሃለሁ» ትላለች፤ ይባስ ብሎም በማግስቱ ትነግረዋለች።

አንድ ቀን ርዕሰ መምህሩ ቢሯቸው አስጠሯት።

«የምሥራች! የባዮሎጂ ቋሚ መደብ ተፈቀደልን።»

«እሰይ! መቼ ልጀምር?»

«አንቺማ ከጀመርሽ ዘጠኝ ዓመትሽ። የሚቀርሽ የሥልጠና ወረቀቷ ብቻ ናት። መደቡን እስከዚያ ይዤልሽ እቆያለሁ። በቀኑ ካላመጣሽ ግን እኔን እንዳትወቅሺኝ፤ ወረቀት ላለው እሰጠዋለሁ።»

ጊዜያዊዋ አብራት ለምትኖረው ታላቅ እህቷ ነገሩን አዋየቻት። እህቷ በአንድ ክሊኒክ የምትሠራ ነርስ ናት፤ ነገር ማክበድ አትወድም።

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ሂጂና ተማሪያ! ትንሽ ብትጨምሪበት ምን ይጎዳሻል?»

ጊዜያዊዋም ጠዋት እያስተማረች ከሰዓት በኋላ ማስተማር እንደማትችል ትማር ጀመር።

የሥልጠናው አውራ ዶክተሩ ነበሩ። የዶክትሬት ሥራቸው አንድ መምህር ጥያቄ ከጠየቀ በኋላ ስንት ሰከንድ ዝም ማለት እንዳለበት የሚመረምር ባለ ሦስት መቶ ገጽ ጥናት ነው። መልሱ ሦስት ሰከንድ ሲሆን፣ ለያንዳንዱ ሰከንድ መቶ መቶ ገጽ ደርሶታል። ዶክተሩ በሕይወታቸው አንድም ቀን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምረው ስለማያውቁ አመለካከታቸው በልምድ አልተበከለም። በመጀመሪያው ቀን ሠልጣኞቹን ቁልቁል ተመልክተው «እናንተ እስከ ዛሬ ስታወሩ ነው የኖራችሁት፤ ማስተማር ከአሁን በኋላ ይመጣል» አሏቸው። ሠልጣኞቹ ጻፉት።

የተግባር ልምምዱ ደግሞ ለብቻው ሊወራለት የሚገባ ነው። ሠልጣኞቹ እርስ በርስ ያስተምራሉ፤ ተማሪ የሚሆኑትም ራሳቸው ናቸው። ማን ጎበዝ፣ ማን ዓይናፋር፣ ማን ረባሽ እንደሚሆን በዕጣ ይለያል። ፀጉራቸው የሸበተ የቀድሞ ፋርማሲስት አንዴ ረባሽ ደረሳቸውና ጎረቤታቸውን በወረቀት ኳስ መቱ። ከመቶ ስድሳ ተሰጣቸው፤ ከግርጌው «ረብሻው ወጥነት ይጎድለዋል» የሚል አስተያየት ተጽፎበት ነበር። ሰውየው አንድ ሳምንት ሙሉ ቤታቸው ሲለማመዱ ሰንብተው ሰማንያ አመጡ፤ ሚስታቸው ግን እስካሁን አልታረቀቻቸውም ይባላል።

ጊዜያዊዋ አንድ ቀን አላስቻላትም።

«ዶክተር፣ እውነተኛ ተማሪዎች እኮ ከአጥሩ ወዲያ አሉ። ለምን እነሱን አናስተምርም?»

ዶክተሩ ሦስት ሰከንድ ዝም አሉ።

«እውነተኛ ተማሪ ምን እንደሚል አስቀድሞ አይታወቅም። በማይታወቅ ነገር ሳይንስ አይሠራም።»

በአሥራ ስምንት ወሩ ውስጥ አንድ ቅጠል ያየ የለም። ኮሪደሩ ላይ የነበረው የአበባ ተክል እንኳ «የሕይወት መለያ ባሕርያትን የማስተማር ስልት» የተባለው ኮርስ በተጀመረ በስድስተኛው ሳምንት ደርቆ ተገኘ። እቅድ መጻፍን በተመለከተ ግን ጊዜያዊዋ ተክናለች። መምህሯ በስንተኛው ደቂቃ ወደ ሰሌዳው እንደምትዞር፣ በስንተኛው ፈገግ እንደምትል፣ ተማሪዎች በስንተኛው እንደሚገባቸው ሁሉ ትጽፋለች።

በመጨረሻ የማጣሪያው ቀን ደረሰ። ለዚህ ብቻ እውነተኛ ክፍል ተፈቅዷል፤ ጊዜያዊዋም ከራሷ ዘጠነኛ ክፍል፣ ከአርባ ሦስት ተማሪዎቿ ፊት ቆመች። ርዕሱ የደም ዝውውር ነው። ከኋላ ዶክተሩ ሰማንያ አራት ነጥብ ያለውን የግምገማ ቅጽ ይዘው ተቀመጡ። ከጎናቸው ሌላው ገምጋሚ አሉ፤ የሳቸው ሥራ ደቂቃ መቁጠር ስለሆነ ሠልጣኞቹ ባለሰዓቱ ይሏቸዋል።

ከቅጹ ነጥቦች አንዱ «የትምህርት መርጃው በአካባቢ ከሚገኝና ወጪ ከማይጠይቅ ነገር ተዘጋጅቷልን?» ይላል። ጊዜያዊዋ ብዙ አስባ ከራሷ ደም የቀረበና የረከሰ ነገር አላገኘችም። ከእህቷ ያመጣችውን ያልተከፈተ መርፌና አልኮል የነካ ጥጥ አዘጋጅታ፣ በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ ልክ በእቅዱ መሠረት ጣቷን ወጋች። አንድ ጠብታ በመስታወቱ ላይ አኑራ ወደ ማይክሮስኮፑ ልትወስደው ስትል ከኋላ አንድ ከባድ ነገር ወደቀ።

የወደቁት ዶክተሩ ናቸው። የባዮሎጂ ማስተማር ሊቁ ደምን የሚያውቁት በግድግዳ ሥዕል ላይ ብቻ ነበር።

ጊዜያዊዋ መስታወቱን ትታ ሮጠች። «መስኮቱን ክፈቱ! ዙሪያቸውን አትክበቡ፣ አየር ያግኙ!» ከፊት ወንበር የምትቀመጠው፣ ጥያቄ ስለምታበዛ ጓደኞቿ «ለምን» ብለው የሚጠሯት ልጅ፣ ደብተሮች ሰብስባ ከእግራቸው ሥር ደረደረች። «ቲቸር፣ እግራቸው ከፍ ያለው ለምንድን ነው?» «ደሙ ወደ ጭንቅላታቸው እንዲመለስ፤ ቅድም ያልኩሽ ዝውውር ማለት ይኸው ነው!» አርባ ሦስቱም አንገታቸውን አስግገው ያዩ ነበር። ዶክተሩ ዓይናቸውን ሲገልጡ ልጆቹ አጨበጨቡ። ጊዜያዊዋ በአሥር ዓመት ሥራዋ እንዲህ ያለ ትምህርት አስተምራ አታውቅም፤ ደስ አላት።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን መጣ። ከሰማንያ አራት ሃያ ዘጠኝ። «እቅድን መከተል፦ ዜሮ። የጊዜ አጠቃቀም፦ ዜሮ፤ አሥራ አንድ ደቂቃ ከርዕሱ ውጪ ባክኗል። የክፍል ሥርዓት፦ ዜሮ፤ ተማሪዎች ያለ ፈቃድ አጨብጭበዋል።»

ይግባኝ አለች። ሰብሳቢው፣ ዶክተሩና ባለሰዓቱ በተሰየሙበት ኮሚቴ ፊት ቀረበች።

«ገምጋሚው በወደቁ ጊዜ እርስዎ ምን አደረጉ?» ሲሉ ሰብሳቢው ጠየቁ።

«አነሳኋቸው።»

«እቅድዎ ላይ የት ጋ ነው የተጻፈው?»

«ኧረ እንደሚወድቁ በምን አውቄ!»

ሰብሳቢው ወደ ሌሎቹ ዞረው በሐዘን ራሳቸውን ነቀነቁ። «ይኸው፣ ራሷ አመነች።»

«ታዲያ ዝም ልበላቸው?» አለች ጊዜያዊዋ። «ዶክተር፣ እስኪ እርስዎ ይናገሩ። ዝም ብልዎት ይሻል ነበር?»

ዶክተሩ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እንደ ሰው በጣም አመሰግንዎታለሁ። ዜሮውን የሰጠሁዎት እንደ ባለሙያ ነው። ሁለቱን መለየት ከባድ ነው፤ እኔም በሥልጠና ነው የቻልኩት።»

ኮሚቴው ሁለት ሰዓት መክሮ፣ ሁሉም ቆመው እየሰሙ ውሳኔውን አነበበ። «እርዳታ መስጠት በመርህ ደረጃ የማይነቀፍ መሆኑን፣ ሆኖም ያልታቀደ እርዳታ ከድንገተኛ አደጋ ተለይቶ የማይታይ መሆኑን ከግምት በማስገባት፤ ክስተቱ በትምህርት እቅዱ ተካቶና ደቂቃ ተመድቦለት ትምህርቱ በድጋሚ እንዲቀርብ፤ ይኸው ተግባር በተማሪዎች ፈተናም እንዲካተት፤ ገምጋሚውም በተመደበላቸው ደቂቃ በመውደቅ አስፈላጊውን ትብብር እንዲያደርጉ ተወስኗል።» ዶክተሩ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ለሙያው ሲሉ እንደሚወድቁ ቃል ገብተው ፈረሙ።

ቅዳሜ ጠዋት ጊዜያዊዋ አዲሱን እቅድ ለእህቷ አነበበችላት። «አሥራ ስድስተኛው ደቂቃ፦ መምህሯ ጣቷን ትወጋለች። አሥራ ሰባተኛው ደቂቃ፦ ዶክተሩ ይወድቃሉ። መምህሯ ትደነግጣለች፤ አሥር ሰከንድ። ከዚያ እግራቸውን ከፍ ታደርጋለች።»

እህቷ የምታጥፈውን ልብስ አስቀመጠች። «ቀደም ብለው ቢወድቁስ?»

«አይወድቁም። ፈርመዋል እኮ።»

«አንቺ ልጅ፣ ደህና ነሽ?»

«እትዬ፣ አርብ መደቡ ይዘጋል። ሐሙስ ካላለፍኩ አሥር ዓመቴን ውኃ በላው ማለት ነው።» እህቷ ልብሷን አንስታ ማጠፏን ቀጠለች።

ሐሙስ ዶክተሩ አዲስ ኮት ለብሰው መጡ። ሊወድቁበት ያሰቡትን ቦታ አስጠርገው ጋዜጣ አስነጠፉ። ጊዜያዊዋ ጀመረች፤ ሁሉም ነገር እንደ ተጻፈው ይሄድ ነበር። በዘጠነኛው ደቂቃ ዕቃዎቿን ጠረጴዛው ላይ ስትደረድር የመርፌው ጫፍ ብልጭ አለ። ዶክተሩም ያለ ሰዓታቸው፣ ከጋዜጣው አንድ ክንድ ያህል ርቀው ተዘረሩ።

ለምን የተባለችው ልጅ ብድግ አለች። «ቲቸር! ወደቁ!»

ጊዜያዊዋ አንድ እርምጃ ተራመደች። ባለሰዓቱን አየቻቸው። ባለሰዓቱ በጣታቸው የእጅ ሰዓታቸውን ሁለቴ መታ መታ አደረጉና ራሳቸውን ግራና ቀኝ ነቀነቁ። መደቡ ነገ ይዘጋል።

«ቁጭ በይ» አለች ጊዜያዊዋ።

«ኧረ ወድቀዋል ቲቸር!»

«አይቻለሁ። ሰዓታቸው አልደረሰም።»

ድምፅዋን ራሷ ስትሰማው አፈረች። ግን ወደ ሰሌዳው ዞራ ልብ አራት ክፍል እንዳለው ማስረዳቷን ቀጠለች። ልጆቹ አንዴ እሷን፣ አንዴ መሬት ላይ ያሉትን ሰውዬ ያያሉ። በአሥራ አንደኛው ደቂቃ ዶክተሩ በራሳቸው ነቁ። አንድ ዓይናቸውን ገልጠው የግድግዳውን ሰዓት አዩ፤ ገና ስድስት ደቂቃ እንደሚቀራቸው ሲረዱ መልሰው ጨፈኑት። እንደ ባለሙያ ከዚህ በላይ ምን ይጠበቅባቸዋል?

«ቲቸር፣ ነቅተዋል እኮ!» አለች ለምን። «ለምን አይነሱም?»

ጊዜያዊዋ በአሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጥያቄው ከእቅዱ ውጪ ነው» አለች። ለምን ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እስክሪብቶዋንም አንስታ እንደሌሎቹ መጻፍ ጀመረች።

በአሥራ ስድስተኛው ደቂቃ ጣቷን ወጋች። በአሥራ ሰባተኛው ዞር ብላ «ኧረ በሕግ! ዶክተር ወደቁ!» ብላ ለአሥር ሰከንድ ደነገጠች፤ ከዚያ እግራቸውን ከፍ አደረገች። ባለሰዓቱ በእርካታ ፈገግ አሉ። ያጨበጨበ ተማሪ አልነበረም።

ሰማንያ ሦስት ከሰማንያ አራት! በተቋሙ ታሪክ እንዲህ ያለ ውጤት ታይቶ አይታወቅም። አንዷ ነጥብ የተቀነሰችው ድንጋጤው ወደ አሥራ ሁለት ሰከንድ ስለተጠጋ ነው። ዶክተሩ ኮታቸውን እያራገፉ ባደረጉት ንግግር «ከአሥራ ስምንት ወር በፊት እዚህ የመጣችው ሴት ሰው ሲወድቅ ትሮጥ ነበር። ዛሬ መምህር ሆናለች!» አሉ። አርብ ጠዋት ርዕሰ መምህሩ ወረቀቷን ተቀብለው ቋሚ አደረጓት፤ ዘበኛው ግን ለምዶበት ጊዜያዊዋ ማለቱን አልተወም።

በወሰነ ትምህርቱ መጨረሻ ፈተና ተሰጠ። ኮሚቴው እንዳዘዘው አንዱ ጥያቄ «ሰው ራሱን ስቶ ቢወድቅ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?» የሚል ነበር። ጊዜያዊዋ ወረቀቶቹን ቤት ይዛ ገብታ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች። የመጀመሪያውን አየች፤ ሁለተኛውን አየች፤ ከዚያ አርባ ሦስቱንም ገለባበጠቻቸው። ሁሉም «መጀመሪያ ሰዓት ይታያል» ብለው ጽፈዋል። ለምን ብቻ ከሥሩ አንድ መስመር ጨምራበታለች፦ «ሰዓቱ ካልደረሰ ትምህርቱ ይቀጥላል።»

እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። እህቷ የሥራ ልብሷን ለብሳ ልትወጣ ስትል አየቻት።

«ምን ሆነሻል?»

ወረቀቶቹን አቀበለቻት። እህቷ ቆማ አራት አምስቱን አነበበች።

«እትዬ፣ ስንት ልስጣቸው?»

«ሙሉ ስጫቸዋ፤ ያስተማርሻቸውን ነው የመለሱት» አለች እህቷ ቦርሳዋን እያነሳች። «ብቻ አደራሽን፣ ሲያድጉ አንዳቸውም እኔ ክሊኒክ እንዳይቀጠሩ።»