ያለ ችሎት የተለያዩት ጃርቶች

ተረት ካላችሁኝ የጃርቶቹን ልንገራችሁ። አውሬ ሁሉ እንደ ሰው በሚካሰስበት ዘመን፣ እሾህነሽ የምትባል ጃርት ከባሏ ከወስፌ ጋር በአንድ ጉድጓድ ትኖር ነበር። ልጆችም ወለዱ። ፍቅራቸው ግን አለቀ። አንዱ ሲገላበጥ ሌላውን ይወጋል፤ የተወጋውም መልሶ ይወጋል።

«እንለያይ» አለች እሾህነሽ አንድ ቀን።

«እንለያይ። ልጆቹን ግን በችሎት ነው የምወስድብሽ» አላት ወስፌ።

የጫካው ዳኛ አያ ጅቦ፣ ጠበቆቹም ቀበሮዎች ነበሩ። አንዱ ቀበሮ ባልየውን «አይዞህ፣ ድል የአንተ ናት» ይለዋል፤ ወንድሙ ደግሞ ሚስትየዋን እንዲሁ ይላታል፤ ከዚያ አብረው ምሳ ይበላሉ። ባለፈው ክረምት ሚዳቋና ባሏ በግልገላቸው ተካሰሱ። አያ ጅቦ «ፍርድ እስኪሰጥ ግልገሏ በችሎቱ አደራ ትቆይ» ብሎ አዘዘ። ፍርዱ ሲሰጥ ግልገሏ የለችም። «ቅር ያለው ይግባኝ ይበል» አለ አያ ጅቦ፣ አፉን እየጠረገ።

እሾህነሽ ይህን ስታስብ ጭንቅ ያዛትና እመት ኤሊን ሄዳ አማከረቻት። ኤሊም «ባልሽም የሚያምነውን አማካሪ ይዞ ይምጣ፤ አራት ሆነን እንነጋገር» አለቻት። ወስፌ እያጉረመረመም ቢሆን አያ ከርከሮን ይዞ መጣ። ከአንድ ሾላ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«መጀመሪያ ውል እንግባ» አለች ኤሊ። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ እዚህ የሚደበቅ ነገር የለም። ከሁለታችሁ አንዳችሁ ወደ ችሎት የሮጣችሁ ዕለት ደግሞ እኔም ከርከሮም እንወጣለን። እዚያ ለማናችሁም አንቆምም።»

ሁሉም እሺ አሉ። ጉድጓዱ ለእሾህነሽ፣ የጅረቱ ዳር ሥራ ሥር ለሁለቱም ተባለ። ነገሩ ልጆቹ ላይ ሲደርስ ግን ወስፌ እሾሁን አቁሞ ተነሣ።

«በቃ፣ ጅቦ ይዳኘን» አለ።

ከርከሮም ተነሣ፤ አቧራውን አራግፎ መንገድ ጀመረ።

«ወዴት ነው?» አለው ወስፌ።

«ወደ ቤቴ። ውላችን እኮ ነው።»

ወስፌ ቆሞ ቀረ። እሾሁ ቀስ በቀስ ተኛ። «እሷ ጋ ከቀሩ ይረሱኛል ብዬ ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

እሾህነሽ አብራው ስትኖር እንዲህ ሲል ሰምታው አታውቅም። ያዘጋጀችውን ክፉ ቃል ተወችው።

«እኔም ይዘሃቸው ትጠፋለህ ብዬ ነው የፈራሁት» አለችው። «ከጅረቱ ማዶ ቆፍር። ስትጠራቸው የሚሰሙህ ቦታ ላይ።»

ከርከሮ ተመልሶ አዲሱን ጉድጓድ አብሮት ቆፈረ። ልጆቹም ጅረቱን እየተሻገሩ በሁለቱም ቤት አደጉ። እሾህነሽና ወስፌ ዳግመኛ አልተጋቡም፤ ሲገናኙ ግን እንደ ደኅና ጎረቤት ሰላም ይባባሉ ነበር።

ይህን ያዩ ሌሎች አውሬዎችም ከሾላው ሥር መሰብሰብ ለመዱ። አያ ጅቦ ባዶ ችሎቱ ላይ ተቀምጦ መንገድ መንገዱን ሲያይ ከረመ። በመጨረሻ ሆዱን እያሻሸ ለቀበሮዎቹ እንዲህ አላቸው፦

«ይህ ስምምነት የሚሉት ነገር በሕግ ካልተከለከለ፣ አገሩ በረሃብ ማለቁ ነው።»