የጋሽ መኩሪያ ተወዛዋዥ ወንበር ዕድሜ

የሰው ዕድሜ ሲጠየቅ ይቀነሳል፣ የዕቃ ዕድሜ ሲጠየቅ ይጨመራል። እኔንም ስንት ዓመትሽ ነው ብትሉኝ የምነግራችሁን አውቃለሁ፤ እናንተም አታምኑኝም፤ በዚህ ተግባብተን እንኖራለን። ዕቃ ግን አፍ የለውም። አፍ ስለሌለው ሁሉም የየራሱን አፍ ያውሰዋል።

እኛ ቀራንዮ ሰፈር የዕቃ ዕድሜ የሚነበበው ከሥሩ ነው። ለቅሶ ወይ ሰርግ ሲመጣ ወንበሩም ሳህኑም ከየቤቱ ይሰበሰባል፤ እንዳይቀላቀል እያንዳንዷ ባለቤት ከሥሩ ምልክት ታደርግበታለች፤ አንዷ በጥፍር ቀለም፣ አንዷ በክር፣ አንዷ ከግድግዳ በተረፈ ቀለም። ፊደል ከመቁጠር ያለፈ ትምህርት የለኝም፤ የትኛው ምልክት የማን እንደሆነ በመለየት ግን ማንም አይቀድመኝም።

ነገሩ የተነሳው የጋሽ መኩሪያ አርባ በወጣ ማግስት ነው። ሁለተኛ ሚስታቸው እትዬ አስካለ ከቤቱ ዕቃ ሁሉ አንዱ ላይ ብቻ ሙጭጭ አሉ፤ ተወዛዋዡ ወንበር ላይ። ሰውየው ታመው ሁለት ክረምት ያሳለፉት እሱ ላይ ነው፤ ወንበሩን በእግራቸው ገፋ ገፋ እያደረጉ ያስተኟቸው እትዬ አስካለ ናቸው። ከመጀመሪያዋ ሚስት የተወለደችው ትዕግስት ደግሞ "የእናቴ ነው" አለች፤ ሟች እናቷ እሱ ላይ ተቀምጣ ነው ያጠባቻት። እንግዲህ ጥያቄው አንድ ሆነ፤ ወንበሩ የገባው በየትኛዋ ሚስት ዘመን ነው?

ትዕግስት ወንበሩን ልትወስድበት ከአየር ጤና ያመጣችው ጭነት መኪና በር ላይ ሞተሩን ሳያጠፋ ቆሟል። የትዕግስት ባል ወንበሩን ፎቶ አንስቶ ስልኩን ጠየቀው፤ ስልኩም "ጥንታዊ ነው" ብሎ ተገላገለ። ከየትኛዋ ሚስት በፊት ጥንታዊ እንደሆነ ግን ስልክ ከየት ያውቃል? እትዬ አስካለ አንዱን የወንበሩን ክንድ ይዘዋል፣ ትዕግስት ሌላውን። የሚለቅ የለም። ሽማግሌው ጋሽ ደምሴ የግንባራቸውን ላብ ጠርገው ወደ እኔ ዞሩ።

"እልፍነሽ፣ ነይ አንቺ እይው። የሰው ገበና ስታይበት የኖርሽው ዓይን ዛሬ እንኳን ይጥቀመን።"

ስድብ ነው ምርቃት? ለጊዜው ዋጥኩት። ወንበሩን ገለበጥነውና ተንበረከክሁ። ከላይ የእትዬ አስካለ አረንጓዴ ቀለም አለ። በጥፍሬ ፋቅ ባደርገው ከሥሩ የትዕግስት እናት ቀይ ጥፍር ቀለም ብቅ አለ። የእትዬ አስካለ እጅ ከወንበሩ ላይ ወረደ።

"ትራሱንም ውሰጂው ልጄ" አሏት፤ "ያለሱ ጀርባ ይቆረቁራል።"

እዚያ ላይ ብነሳ ነገሩ አልቆ ነበር። የእኔ ዓይን ግን መች ያርፋል። ከቀዩ ወረድ ብሎ በጋለ ምስማር የተተኮሱ ሦስት ነጥቦች አየሁ።

በጣቴ ዳሰስኳቸው። ሦስት ነጥብ የእናቴ ምልክት ነው፤ ሙቀጫዋ ላይ ዛሬም አለ። ምግብ ታበስልላቸው የነበሩ ፈረንጆች ሲሄዱ የተዉላት ወንበር ነበራት፤ የጋሽ መኩሪያ አባት ሲሞቱ ለቅሶ ቤት ገብቶ በዚያው ቀረ። እኔ ያኔ አልተወለድኩም፤ እንደሚወዛወዝም ስላልነገረችኝ ይኸኛው ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ከለቅሶ ቤት ደግሞ ዕቃ አይጠየቅም፤ እስኪመልሱት ይጠበቃል። እናቴ እንደጠበቀች ሞተች።

"ምን አየሽ?" አሉ ጋሽ ደምሴ።

ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። የሁለቱንም ሴቶች ፊት አየሁ፤ አንዷ ባሏን፣ አንዷ እናቷን ልትነጠቅ የቆመች ነው የምትመስለው።

"ከሁለቱም ጋብቻ በፊት የነበረ ነው" አልኩ። "ጋሽ መኩሪያ ከአባታቸው ቤት ያመጡት ነው።"

አልዋሸሁም። ጋሽ ደምሴም ሳይውሉ ሳያድሩ ፈረዱ፤ የሟች የራሳቸው ከሆነ እትዬ አስካለ በሕይወት እስካሉ ይቀመጡበት፣ ከዚያ በኋላ የትዕግስት ይሁን። ትዕግስት ጎንበስ ብላ የእንጀራ እናቷን ጉልበት ሳመች። መኪናው ባዶውን ሄደ። ሰፈሩ ወሬኛ የሚለኝ እኔ፣ በዕድሜዬ አንዴ ወሬ ዋጥኩ። እናንተም ዋጡልኝ።

ባለፈው እሁድ እትዬ አስካለን ልጠይቅ ገብቼ፣ ወገቤን ስለሚያመኝ ወንበሩ ላይ አረፍ ልል ስል ክንዴን ያዝ አድርገው በርጩማ ሳቡልኝ።

"እዚህ አረፍ በይ እልፌ፤ እሱ የሰው ዕቃ ነው፣ አደራ አለብኝ።"

እውነታቸውን ነው። በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ።